«የማን ልጅ ነው?»፤ ስለ ሕፃኑ ራፐር ስለ ሊል ሮሚዮ አነሣሥ

ባገራችን አንድ ትንሽ ልጅ ባደባባይ ቆሞ ሲዘፍን ወይም ሲያቅራራ የሰማ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ነው። ስሙን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ድምፁ ከሁላችን የሚበልጥ አንድ ጓደኛ ነበረን፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ሲቀርብለት እሰማ ነበር። አባቱ መሰንቆ መቺ መሆናቸውን ሲነግራቸው እንግዶቹ ነገሩ እንደ ተፈታላቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። እኔ ግን ምኑ እንደ ተፈታ አይገባኝም ነበር። የዘፈን ችሎታ እንደ አፍንጫ ቅርጽ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋልን? ወይስ ልጁ ከቤቱ የወረሰው ሌላ ነገር ነው?

ይህን ጥያቄ በመጠኑ ለመመርመር የመረጥኩት ልጅ ከአገራችን በጣም የራቀ ነው። በአሜሪካ አገር፣ በሉዊዝያና ክፍለ ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በ1989 የተወለደው ፐርሲ ሮሚዮ ሚለር ነው፤ በመድረክ ላይ የታወቀው ሊል ሮሚዮ፣ ማለት ትንሹ ሮሚዮ፣ በተባለ ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ2001፣ ገና 12 ዓመት ሳይሞላው፣ ያወጣው ዘፈን አገሩን ሁሉ አዳረሰ። አባቱ ራፐር ነው፤ እናቱም ራፐር ነበረች፤ ሁለት አጎቶቹም ራፐሮች ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው ቢጠይቅ «የራፐር ልጅ ነው» ተብሎ ነገሩ የሚያልቅ ይመስላል። እኔ ግን የሚያልቅ አይመስለኝም። ልጁ ከቤቱ ያገኘው ዋና ነገር ድምፅ ወይም ተሰጥዖ ሳይሆን ተዘጋጅቶ የቆየ የሥራ መሣሪያ መሆኑን፤ ያም መሣሪያ ልጁን እንዳነሣው ሁሉ ልጁ ራሱ ደግሞ በተራው የቤቱ መሣሪያ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ራፕ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ከወጣቶች ሙዚቃ ራቅ ላሉት መምህሮቻችን ስል ጥቂት ልበል። ራፕ ቤት እየመታ የሚነገር ግጥም ነው፤ ከበሮው በሚሄድበት ምት ላይ እየረገጠ ይነገራል እንጂ እንደ ዜማ ከፍ ዝቅ ተደርጎ አይዘፈንም። ከሂፕ ሆፕ ባሕል ጋር የተነሣው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። ለሕፃን ልጅ ይህ ጥበብ ባንድ በኩል ይቀላል። ሰፊ ድምፅ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትውስታ፣ ትንፋሽና ምትን መጠበቅ ነው፤ እነዚህንም ሕፃናት ከኛ ይልቅ ይችላሉ። በሌላ በኩል ግን ይከብዳል። ራፐር ሁልጊዜ የሚናገረው «እኔ» እያለ ነው፤ ያየሁትን፣ ያለፍኩበትን፣ የሠራሁትን ስሙኝ ይላል። የፉከራ ባሕርይ አለው። የ11 ዓመት ልጅ ግን ምን አይቶ፣ ምን ሠርቶ ይፎክራል? ይህ ችግር እያንዳንዱን ሕፃን ራፐር ይገጥመዋል፤ ሮሚዮን የገጠመው በተለይ ነበር፤ ምክንያቱም የአባቱ ዘፈኖች የሚናገሩት ስለ ዕፅ ንግድና ስለ ጥይት ነው። ልጁ የአባቱን ሙያ ሊወርስ ይችላል፤ የአባቱን ቃል ግን ሊወርስ አይችልም።

ኒው ኦርሊንስ በሙዚቀኛ ቤተሰብ የታወቀች ከተማ ናት። ኤሊስ ማርሳሊስ የተባለው ፒያኖ መቺና መምህር (በ2020 አርፏል) ከልጆቹ አራቱ፣ ብራንፎርድ፣ ዊንተን፣ ዴልፌዮና ጄሰን፣ ሙዚቀኞች ሆነዋል። በትሬሜ ሠፈር በ1986 የተወለደው ትሮይ አንድሩስ ደግሞ ትሮምቦን የሚባለውን ረጅም የነሐስ መሣሪያ ገና ክንዱ ሳይደርስበት ስለ ነፋ «ትሮምቦን ሾርቲ» ተባለ፤ በስድስት ዓመቱ ባንድ ይመራ ነበር። ወንድሙ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ አያቱ ጄሲ ሂልም በ1960 ስመ ጥር የሆነ ዘፈን የዘፈነ ሰው ነበር። በዚያች ከተማ በቀብርና በበዓል ቀን የነሐስ ባንድ በመንገድ ሲያልፍ ሕዝቡ ከኋላው እየጨፈረ ይከተላል። ልጆችም ከዚያ መካከል ናቸው። መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው ለማለት ይቻላል።

የሚለር ቤተሰብ ግን ከዚህ የጥንት ሐረግ አይመዘዝም፤ ነገሩ ለጥናት የሚመች የሆነውም ለዚህ ነው። የሮሚዮ አባት ፐርሲ ሚለር፣ በኋላ ማስተር ፒ የተባለው፣ ያደገው መንግሥት ለድኾች ባሠራው ካሊዮፒ በተባለ የመኖሪያ ሠፈር ነው። ሠፈሩ በወንጀልና በግድያ የታወቀ ነበር፤ የገዛ ወንድሙም ኬቪን በ1990 እዚያው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ተገድሏል። ፐርሲ ተስፋው በቅርጫት ኳስ ላይ ነበርና በዚሁ ምክንያት ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ችሎ ነበር፤ ግን አልቆየበትም። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በኦክላንድ ከተማ ሜሪት በተባለ ኮሌጅ ስለ ንግድ ተማረ። አያቱ በመሞታቸው ምክንያት ከተከፈለው ካሣ 10,000 ዶላር ደረሰው፤ በዚህም ገንዘብ በሪችመንድ ከተማ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ስሙንም ኖ ሊሚት፣ ማለት ወሰን የሌለው፣ አለው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሱቁ ሲከፈት ሮሚዮ የአንድ ዓመት ሕፃን ነው። የዚህ «ሙዚቀኛ ቤተሰብ» የመጀመሪያው ዕቃ መሰንቆ ወይም ፒያኖ አልነበረም፤ የሱቅ መደርደሪያ ነበር። ባለ ሱቅ ከዘፋኝ የተሻለ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ማን ምን እንደሚገዛ ነው። ማስተር ፒ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ የሚሰማው ገዥዎች የሚጠይቁትንና ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ግን የማያቀርቡትን ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሱቁ ወደ ማሳተሚያ ቤት የተለወጠው፤ ካሴቱንም በመኪና ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ይሸጥ ነበር። ሶንያ ሲ በሚል ስም የምታዜመው የሮሚዮ እናት ከመጀመሪያዎቹ የቤቱ ራፐሮች አንዷ ነበረች። የአባቱ ወንድሞች፣ ሲልክ ዘ ሾከርና ሲ መርደር የተባሉት፣ ከአባቱ ጋር ሆነው ትሩ የሚባል ቡድን ነበራቸው። የቅርብ ዘመዳቸው ሞ ቢ ዲክም ዜማ ከሚያቀናብሩት አንዱ ነበር።

ለዚህ ቤት ትልቁ ነገር የሆነው በ1996 ፕራዮሪቲ ሪከርድስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ያደረገው ውል ነው። ይህ ነገር ደረቅ ቢመስልም ጥቂት ልቆይበት፤ የልጁ ታሪክ ያለ እርሱ አይገባምና። በተለመደው ውል አንድ ዘፋኝ ከኩባንያ ጋር ሲዋዋል ኩባንያው ለሥራው ገንዘብ ያበድረዋል። ዘፈኑ ሲሸጥ ከገቢው ለዘፋኙ የሚደርሰው ጥቂት መቶኛ ነው፤ ከዚህም ላይ ብድሩ ይቀነሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስተር የሚባለው የዘፈኑ ዋና ቅጂ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ቤቱን ያገኛል፤ ዘፋኝ ግን ብድሩን ከፍሎ ቢጨርስም ቤቱ የባለ ገንዘቡ ነው። ማስተር ፒ በዚህ አልገባም። ወጪውን ራሱ ቻለ፤ ፕራዮሪቲን የቀጠረው ለማከፋፈል ብቻ ነበር። በሰፊው እንደሚነገረው ከገቢው 85 በመቶው የኖ ሊሚት ሲሆን 15 በመቶው ያከፋፋዩ ነበር፤ ዋናው ቅጂም በቤተሰቡ እጅ ቀረ። ባለ መሬት የሆነ ገበሬና እኩል አራሽ ያላቸውን ልዩነት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሆነው ሁሉ በጣም ፈጥኖ ነበር። የማስተር ፒ «ጌቶ ዲ» የተባለው አልበም በ1997፣ «ኤም ፒ ዳ ላስት ዶን» የተባለውም በ1998 በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። የሲልክ አልበም «ሜድ ማን» በ1999 እንዲሁ አንደኛ ሆነ። በ1998 ብቻ ቤቱ ከሃያ በላይ አልበሞች አወጣ፤ ይህም ለአንድ ትንሽ ማሳተሚያ ቤት የማይታመን ነው። በእያንዳንዱ አልበም ውስጥ ገና ለሚወጡት አልበሞች ማስታወቂያ ይታተም ነበር፤ አንዱን የገዛ ሰው የሚቀጥለውን እንዲጠብቅ። በአንዱ ዘፋኝ አልበም ላይ ሌሎቹ ሁሉ ገብተው ያዜማሉ። እንዲህ ባለ ቤት አዲስ ዘፋኝ ማስተዋወቅ አዲስ ሥራ አይደለም፤ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ አንድ ነገር እንደ ማስቀመጥ ነው። ሮሚዮ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ግጥም ይሞክር ነበር ይባላል። ቢሞክርም አይገርመኝም። እናትና አባት፣ አጎትና ዘመድ ሁሉ በሚያዜሙበት ቤት ልጅ ዝም ቢል ነበር የሚያስገርመው። ካዝማሪ ቤት የተወለደ ልጅም ባገራችን እንዲህ ነው፤ የመሰንቆውን ጭራ መወጠር ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ቢጠይቁት መልስ የለውም።

ታዲያ ልጁ በ1998፣ ቤቱ ከፍ ባለበት ጊዜ፣ ለምን ብቻውን አልወጣም? ለምን በ2001 ሆነ? በኔ አስተያየት ሁለት ምክንያቶች ተገናኙ።

አንደኛው ገበያ ነው። ሕፃን ራፐር ገንዘብ እንደሚያመጣ የታየው በ1992 ነበር፤ በአትላንታ ከተማ ጀርሜይን ዱፕሪ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ክሪስ ክሮስ የተባሉትን ሁለት ልጆች አውጥቶ፣ «ጃምፕ» የሚለው ዘፈናቸው ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ይኸው ዱፕሪ በ2000 ሊል ባው ዋው የተባለውን የኦሃዮ ልጅ አወጣ፤ የልጁም የመጀመሪያ አልበም ከሁለት ሚልዮን በላይ ተሸጠ። የሚገዙት ሕፃናት ናቸው፤ የሚከፍሉት ግን ወላጆች ናቸው። ሱቅ ከፍቶ የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት የቤቱ መዳከም ነው። ቢትስ ባይ ዘ ፓውንድ የተባሉት፣ የኖ ሊሚትን ዜማ ሁሉ ያቀናብሩ የነበሩት ሰዎች፣ በ1999 ቤቱን ለቀው ሄዱ፤ ዘመዳቸው ሞ ቢ ዲክም ከለቀቁት አንዱ ነበር። የሽያጩ ኃይል ቀነሰ፤ የሕዝቡም ጆሮ በዚያው ከተማ ወደ ተነሣው ወደ ካሽ መኒ ሪከርድስ ዞረ። በዚህ ጊዜ ነው አባትየው የ11 ዓመት ልጁን ወደ ፊት ያወጣው። ስለ ሮሚዮ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ሀብታም አባት ልጁን እንዳነሣው ብቻ ነው። ዓመቶቹን አሰልፎ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ በሁለት በኩል ይታያል፤ አባት ልጁን በሚያነሣበት ሰዓት ልጁም የሚያዘነብለውን ቤት ይደግፍ ነበር። የ11 ዓመት ልጅ ምሰሶ ሆኖ መቆሙ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

ዘፈኑ «ማይ ቤቢ» ይባላል። በአሜሪካ አጠቃላይ የዘፈን ሰንጠረዥ ሦስተኛ፣ በአር ኤንድ ቢና ሂፕ ሆፕ ሰንጠረዥ ደግሞ አንደኛ ወጣ። በሐምሌ ወር 2001 የወጣው አልበሙም ስድስተኛ ሆኖ ገባ። ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ ልብ የሚነካው ዜማው ነው። የ«ማይ ቤቢ» መሠረት የተወሰደው «አይ ዎንት ዩ ባክ» ከሚለው የጃክሰን ፋይቭ ዘፈን ነው። ይህ ዘፈን በ1969 ወጥቶ በጥር 1970 አንደኛ ሲሆን ማይክል ጃክሰን 11 ዓመቱ ነበር። ሮሚዮም በ2001 ያንን ዜማ ይዞ ሲወጣ 11 ዓመቱ ነበር። ሕፃኑ ራፐር የሚለውን ለማግኘት የአባቱን ዘፈኖች ትቶ ሌላ የሙዚቃ ቤተሰብ፣ ሌላ ሕፃን ወደ ነበረበት ዘፈን መሄዱ ነው። ከላይ ያነሣሁት ችግር፣ ልጅ ምን ብሎ ይፎክራል የሚለው፣ የተፈታው በዚህ ነበር፤ የሠፈር ጠብንና ንግድን ትቶ የልጅ ፍቅርን ይዞ።

ሁለቱን ቤቶች እናወዳድር። የጃክሰን ልጆች ያደጉት በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በጌሪ ከተማ ነው፤ አባታቸው ጆሴፍ ጃክሰን በብረት ፋብሪካ የክሬን ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ በኋላም ከወንድሙ ጋር በትንሽ ባንድ ጊታር ይመታ ነበር። ቤቱ ሙዚቃ ያውቃል፤ ልጆቹን ለማሠልጠን የአባትየው ጥብቅነትም በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ግን ቤቱ መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ በ1969 ሞታውን ከሚባለው ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። «አይ ዎንት ዩ ባክ» የሚለውን ዘፈን የደረሱት የኩባንያው ሰዎች ናቸው፤ ቤሪ ጎርዲ፣ ፍሬዲ ፔረን፣ አልፎንዞ ሚዜልና ዲክ ሪቻርድስ። ከደራሲዎቹ መካከል አንድም ጃክሰን የለበትም። ልጆቹ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሞታውንን ትተው ወደ ሌላ ኩባንያ ሲሄዱ «ጃክሰን ፋይቭ» የሚለው ስም እንኳ ለሞታውን ቀረ፤ እነርሱም «ዘ ጃክሰንስ» ተብለው እንደ ገና መጠራት ግድ ሆነባቸው። በገዛ አባታቸው ስም ላይ የተሠራ የቡድን ስም አጡ ማለት ነው!

ልጆቹን በድምፅ ብናወዳድር ማይክል ጃክሰን ወደር የለውም፤ ሮሚዮም ቢሆን ይህን የሚክድ አይመስለኝም። በተሰጥዖ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጃክሰን ቤት ሀብታም፣ የሚለር ቤት ደግሞ ተከታይ መሆን ነበረበት። የሆነው ግን የሚለር ልጅ የሚያዜመው የራሱ ቤተሰብ ዋናውን ቅጂ በያዘበት ማሳተሚያ ቤት ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ። ሁሉም ነገር የራሱ የሆነው የሚለር ቤት «ማይ ቤቢ» የሚለውን ሲሠራ አንድ የጎደለው ነገር ነበር፤ እርሱም ያ የ1969 ዘፈን ነው። የሌላ ሰው ዘፈን ለሚወስድ ሁሉ ሕጉ የሚጠይቀው የድርሰት ድርሻ የሚሄደው ለደራሲዎቹና ለድርሰቱ ባለ መብት ነው፤ በ11 ዓመቱ የዘፈነው ልጅ በደራሲነት ከዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም።

ይህ ከሆነ ዘንድ «ከዚህ ሁሉ የልጁ የራሱ የሆነው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ባገራችን የልጅ ገቢ የቤት ገቢ ነው፤ ያዝማሪ ልጅ የተሸለመውን ብር ለአባቱ ሲሰጥ ማንም ጉድ አይልም። በአሜሪካም ሕጉ ከረጅም ጊዜ በፊት እንደዚሁ ያስብ ነበር። ሐሳቡ የተለወጠው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልም የሠራ ሕፃን ነበር፤ ብዙ ሚልዮን ዶላር እንዳስገኘ ይነገራል። አካለ መጠን ሲያደርስ ግን ገንዘቡ የለም። በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ በመጨረሻ ያገኘው 126,000 ዶላር ብቻ ነበር። በ1939 የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣ። ሕጉ ብዙ ቀዳዳ ስለ ነበረበት ተሻሽሎ ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ፤ የሕፃን ሠራተኛ ገቢ የሕፃኑ እንጂ የወላጁ ንብረት አለመሆኑን በግልጽ ደነገገ፤ ከገቢውም 15 በመቶው 18 ዓመት እስኪሞላው በማይነካ ሒሳብ እንዲቀመጥ አዘዘ።

ይህ ሕግ የተጻፈው ልጁ ባንድ ወገን፣ ቀጣሪው በሌላ ወገን፣ ወላጁ በመካከል ሆኖ ነው። ወላጁ ልጁን ከቀጣሪው እንዲጠብቅ፤ ሕጉ ደግሞ ልጁን ከወላጁ እንዲጠብቅ። እንደ ሮሚዮ ባለ ቤት ግን ወላጁና ቀጣሪው አንድ ሰው ናቸው። ዋናውን ቅጂ በእጁ የያዘ ቤተሰብ ልጁን ከውጭ ኩባንያ ያድነዋል፤ የጃክሰን ልጆች የደረሰባቸው አይደርስበትም። ነገር ግን «ይህ ውል ለልጄ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ ከኩባንያው ጋር የሚከራከርለት ሦስተኛ ሰው የለም። እኔ አባቱን በክፉ አላማም፤ ከካሊዮፒ ሠፈር ወጥቶ ልጁን ከጥይት ያራቀ ሰው ነው። የምለው ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልተርክ። በ2002 «ጌም ታይም» የተባለው ሁለተኛው አልበም ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ ከሶላንጅ ጋር ያዜመው ዘፈን ይገኛል፤ እርሷም የቢዮንሴ እኅት፣ በአባቷ መሪነት ከሚሠራ ሌላ የሙዚቃ ቤት የመጣች ልጅ ናት። ከ2003 እስከ 2006 ኒክሎዲየን በተባለው የልጆች ቴሌቪዥን «ሮሚዮ!» የተባለ ተከታታይ ትርዒት ይታይ ነበር፤ በዚያም ልጁ እንደ ራሱ ሕፃን ራፐር፣ ማስተር ፒም አባቱ ሆነው ይሠሩ ነበር። ትርዒቱ በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2003፣ ኖ ሊሚት ሪከርድስ ዕዳውን መክፈል አለመቻሉን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። አጎቱ ሲ መርደርም በነፍስ ግድያ ተከሶ እስር ቤት ነበር፤ በ2009 የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈርዶበታል። በቴሌቪዥኑ ላይ ግን የሚታየው ሳቂታ ቤተሰብ ነው።

አንድ አንባቢ «ልጁ ራሱ ምንም አልሠራም ወይ?» ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በዚያው ከተማ፣ ከዚህ ዓይነት ቤት ያልተወለደ፣ ገና በ12 ዓመቱ ገደማ በካሽ መኒ የተጠጋ ልጅ ነበር፤ ሊል ዌይን ይባላል። እርሱ ያለ አባት መሣሪያ በቃሉ ብቻ ከትውልዱ ራፐሮች ከታላላቆቹ አንዱ ሆኗል፤ ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ ነገር ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ሮሚዮ ካሜራ ፊት ሲቆም የማይፈራ፣ ምቱን የማይስት ልጅ ነበር፤ ይህን ማንም ሊሰጠው አይችልም። ነገር ግን በ2012 እኅቱ ሲምፎኒክ በዚያው በኒክሎዲየን ቴሌቪዥን «ሃው ቱ ሮክ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ትርዒት ዋና ተዋናይ ሆና ወጣች። ሁለት ልጆች ከአንድ ቤት ወጥተው በአንድ በር ሲገቡ ያየ ሰው በሩን ማን እንደሚያውቀው ይገነዘባል።

የዚህ ነገር ወሰኑ የታየው በሙዚቃ ሳይሆን በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነው። አባትየው የወጣትነት ተስፋው ኳስ እንደ ነበር ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ሀብታም ከሆነ በኋላም አልተወውም፤ በ1999 ከሻርሎትና ከቶሮንቶ ቡድኖች ጋር ለሙከራ ተሰልፎ ነበር፤ ግን በሁለቱም አልቀረም። ልጁ ደግሞ «ሊል» የሚለውን ትቶ ሮሚዮ ብቻ ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ በ2008 በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የኳስ ትምህርት ዕድል ገባ። ከእርሱ ጋር የገባው ጓደኛው ደማር ደሮዘን ነበር፤ አሠልጣኞች ሁሉ የሚመኙት ተጫዋች። ሁለቱ አንድ ላይ እንዲገቡ የተነጋገረው አባትየው መሆኑን አሠልጣኙ ራሱ ለጋዜጣ ተናግሯል፤ የሀብታም ልጅ ነፃ ዕድል መውሰዱም ብዙ ነቀፌታ አስነሣ። ዘዴው በኖ ሊሚት አልበሞች ላይ ያየነው ነው፤ የታወቀውን ካልታወቀው ጋር አንድ ላይ መሸጥ።

ደሮዘን አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ በ2009 በቶሮንቶ ቡድን በዘጠነኛ ተራ ተመረጠ፤ ያው የልጁ አባት ከአሥር ዓመት በፊት ተሞክሮ ያልቀረበት ቡድን ነው። ሮሚዮ በሁለት የጨዋታ ዘመን ወደ ሜዳ የገባው በጥቂት ጨዋታዎች፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃዎች ነበር። በቀረው ጊዜ ልብሱን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር።